ስኳት ስወርድ ተረከዜ ይነሳል፤ ሰውነቴ ስለማይታጠፍ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ20 ዓመት ሯጭ ነኝ፤ ርቀቴ 5,000 እና 10,000 ሜትር ነው። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት፣ ከሩጫ በፊት ብረት እንሠራለን። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ መነሳት) ላይ ግማሽ ድረስ ስወርድ ተረከዜ ከመሬት ይነሳል፣ ደረቴ ወደ ፊት ይደፋል፣ ሲደጋገም ወገቤን ያመኛል። አሰልጣኛችን ‹ጉልበትሽ ከጣትሽ እንዳያልፍ› ይሉኛል። እንደዚያ ስሞክር ደግሞ በጀርባዬ ልወድቅ እደርሳለሁ። ጓደኛዬ ያለ ምንም ችግር መሬት ልትነካ ትደርሳለች። እኔ እጄን ግድግዳ ላይ አድርጌ፣ እግሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ ጠዋትና ማታ ባቴን አሳስባለሁ። ወራት አለፉ፣ ለውጥ የለም። ሰውነቴ ስለማይታጠፍ ስኳት ይቅርብኝ? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አይቅርብሽ። ግን አሁን በያዝሽው መንገድም አትቀጥዪ።

«ሰውነቴ አይታጠፍም» ሲባል አንድ ችግር ይመስላል። አይደለም። የሚይዝሽ ቁርጭምጭሚት ሊሆን ይችላል፤ ዳሌም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የያዘ ነገር ሳይኖር፣ ሰውነት መውደቅን ፈርቶ ብቻ መሐል ላይ ይቆማል። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ ያው ናቸው፤ ተረከዝ ይነሳል፣ ደረት ይደፋል። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ከማሳሳብ በፊት መለካት ይቀድማል።

ሌላም ነገር አስቀድሜ ልበልሽ። አንቺ ሯጭ ነሽ። መሬት እስክትነኪ መውረድ አይጠበቅብሽም። የሚጠበቅብሽ፣ ጥቂትም ቢሆን በምትወርጂው ልክ ተረከዝሽ ሳይነሳና ወገብሽ ሳይታመም ክብደት ይዘሽ ወርደሽ መነሳት ነው። በዚያ ልክ ስትጠነክሪ ጥልቀቱ ይከተላል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ያወዳደረ ግምገማ ነበር። መገጣጠሚያ የሚታጠፍበትን ልክ በማሻሻል በኩል፣ በክብደት ልምምድና በማሳሳብ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። በትክክል የተሠራ ስኳት ራሱ ሰውነትን ያፍታታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን «መጀመሪያ ልፍታታ፣ ከዚያ እሠራለሁ» ይልና ዓመቱን ሙሉ ሲፍታታ ይከርማል።

ተረከዝ ለምን ይነሳል?

በስኳት ጊዜ የብረቱና የሰውነትሽ ክብደት ተደምሮ ከእግርሽ መሐል በላይ መቆየት አለበት። ወደ ፊት ካለፈ በጣትሽ ትቆሚያለሽ። ወደ ኋላ ካለፈ ትወድቂያለሽ። ስትወርጂ መቀመጫሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያንን የሚያካክሰው ጉልበትሽ ወደ ፊት መሄዱ ነው፤ ጉልበት ወደ ፊት የሚሄደው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እምቢ ካለ ሁለት ነገር ይቀርሻል። ወይ ተረከዝሽን አንስተሽ ጉልበትሽን ታሳልፊያለሽ፣ ወይ ደረትሽን ደፍተሽ ሚዛን ትጠብቂያለሽ። አንቺ ሁለቱንም እያደረግሽ ነው። ወገብሽን የሚያምሽም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ደረት በተደፋ ቁጥር ሸክሙ ወደ ወገብ ይዞራል።

አሁን የአሰልጣኝሽን ምክር እንየው። «ጉልበት ከጣት እንዳያልፍ» ብዙ ቦታ የሚሰማ ምክር ነው። የታሰበው ጉልበትን ለማዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ብረት የለመዱ ወንዶችን በሁለት መንገድ ስኳት አሠራ። አንዴ በነፃነት፣ አንዴ ጉልበታቸው ከጣታቸው እንዳያልፍ ፊታቸው ጣውላ ቆሞ። ጣውላው ሲኖር ጉልበት ላይ ያረፈው ጫና በ22 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዳሌ ላይ ያረፈው ግን ከ10 እጥፍ በላይ ጨመረ። ደረታቸውም ይበልጥ ተደፋ። ጉልበት የተረፈው በዳሌና በወገብ ኪሳራ ነው ማለት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ለማይታጠፍ ሰውማ ይሄ ምክር ጨርሶ አይሆንም።

ጤነኛ ጉልበት ከጣት ቢያልፍ ምንም አይሆንም። ደረጃ ስትወርጂ በየቀኑ ያልፋል። አሰልጣኝሽ ልክ የሆኑበት ነገር ግን አለ፤ ተረከዝ ተነስቶ ጉልበት ወደ ፊት ሲፈናጠር ጥሩ አይደለም። ስለዚህ «ተረከዜ መሬት ላይ እስካለ ድረስ ጉልበቴ ትንሽ ይለፍ?» ብለሽ በአክብሮት ጠይቂያቸው። ከጎን ሆነው ሲያዩሽ ልዩነቱ ራሱ ይነግራቸዋል።

ጓደኛሽን ደግሞ ተያት። የጭን አጥንቷ አጠር ያለ ከሆነ ደረቷን ሳትደፋ መውረድ ይቀላታል። የጭን አጥንት የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳም ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ ጥልቅ ነው፣ የሌላው ወደ ጎን ያያል። አጥንትን በማሳሳብ የሚቀይር ሰው የለም። ጭንሽ ረጅም ከሆነ በትክክል ብትሠሪም ከእሷ ይልቅ ወደ ፊት ማዘንበልሽ አይቀርም። ያ ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ወገብሽ ሲጎብጥ ነው።

«ልጅ ሆኜ ቁጢጥ ብዬ እቀመጥ ነበር፣ አሁን ምን ነካኝ?» የሚሉም አሉ። መንዝ ወይም ተጉለት ያደገ ሰው ቁጢጥ ብሎ አረም ሲነቅል ሊውል ይችላል። ቁጢጥ ስንል ግን ወገብ ይጎብጣል፣ እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ሸክም የለም። ብረት ትከሻ ላይ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ ይከለከላሉ። ስለዚህ አንዱን የቻለ ሌላውን ላይችል ይችላል። ቁጢጥ ማለት ጥሩ ልማድ ነው፤ ካልጠፋብሽ አትተዪው። ብቻ ፈተና አታድርጊው።

ለክተሽ ጀምሪ

ጫማሽን አውልቂና ግድግዳ ፊት ለፊት ቁሚ። አንድ እግርሽን ቀደም አድርጊ። ተረከዝሽ ሳይነሳ ጉልበትሽን ወደ ፊት ገፍተሽ ግድግዳውን አስነኪ። ከነካ እግርሽን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢና ድገሚ። ጉልበትሽ መንካት የቻለበት የመጨረሻው ርቀት ልክሽ ነው። ከአውራ ጣትሽ ጫፍ እስከ ግድግዳው በማስመሪያ ለኪ። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 5 ወይም 6 ከሆነ ችግሩን አገኘሽው። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳያታልልሽ፤ በሁለተኛው ጣትሽ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ሁለቱንም እግር ለኪና ቁጥሩን ጻፊው።

ስትገፊ የሚይዝሽ የት ላይ እንደሆነ ልብ በዪ። ከኋላ፣ ባትሽ ታች ላይ ከሆነ የያዘሽ ጡንቻና ጅማት ነው። ከፊት፣ እግርሽ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የሚቆነጥጥ ወይም የሚደነቀር ነገር ከሆነ መገጣጠሚያው ራሱ ነው። እዚህ ላይ የድሮ ወለምታ ይኑርሽ አይኑርሽ አስታውሺ። ጥሩ ሳይድን የቀረ ወለምታ ከዓመታት በኋላም ቁርጭምጭሚትን ያደርቃል። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ወጌሻ ጋ ሄደሽ በኃይል አስጎትቺው ማለቴ ግን አይደለም። የቆየ ድርቀት በአንድ ቀን ጉተታ አይለቅም።

ያንቺ የሚይዘው ከኋላ ከሆነ፣ ወራት ሙሉ ለውጥ ያጣሽበትን ምክንያት ልንገርሽ። ባት ሁለት ዋና ጡንቻ አለው። ላይኛው የሚጀምረው ከጉልበት በላይ ነው። ጉልበት ሲዘረጋ ይወጠራል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል። ከሥሩ ያለው ሶሊየስ የሚባለው ግን ከጉልበት በታች ነው የሚጀምረው። ጉልበት መታጠፉ እሱን አያላላውም። ስኳት ላይ ጉልበትሽ ታጥፏል፤ ስለዚህ የሚይዝሽ በዋናነት የታችኛው ነው። አንቺ ደግሞ እግርሽን ዘርግተሽ ስታሳስቢ የከረምሽው በዋናነት የላይኛውን ነው። ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ሌላ ጡንቻ ላይ ስትደክሚ ነው የቆየሽው።

ሁለተኛው ፈተና ፈጣን ነው። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሁለቱም ተረከዝሽ ሥር አድርጊና ያለ ክብደት ውረጂ። ድንገት ቀና ብለሽ ዝቅ ካልሽ ጉዳዩ ቁርጭምጭሚት ነው። ምንም ካልተለወጠ ወደ ዳሌ እንሂድ። በእጅና በጉልበትሽ ተንበርከኪ፣ ወገብሽን ቀጥ አድርገሽ መቀመጫሽን ቀስ ብለሽ ወደ ተረከዝሽ መልሺ። ወገብሽ መጉበጥ የሚጀምርበት ቦታ የዳሌሽ ልክ ነው። ጉልበቶችሽን ሰፋ አድርገሽ ድገሚው። ሰፋ ሲል ይበልጥ ከሄድሽ ስኳትም ሰፋ አድርገሽ ቁሚ፣ ጣቶችሽንም ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ መልሺ። እግርን በትከሻ ልክ ከፍቶ ጣትን ቀጥ አድርጎ መቆም ለሁሉም ሰው የተጻፈ ሕግ አይደለም።

ሦስተኛው የበር መቃን ነው። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ መቃኑን ያዢና ውረጂ። መቃኑን ይዘሽ ተረከዝሽ ሳይነሳ እስከ ታች ከወረድሽ፣ መታጠፍ ላይ ያለሽ ችግር ትንሽ ነው። የጎደለሽ ሚዛንና እዚያ ጥልቀት ላይ ያለ ጥንካሬ ነው። ሰው «ደረቅ ነኝ» ብሎ መጥቶ በዚህ ፈተና ነፃ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል።

ከየት እንጀምር?

ለጊዜው ብረቱን ከትከሻሽ አውርጂ። ተረከዝሽ ሥር ጣውላው ይግባ። ማጭበርበር እንዳይመስልሽ። የክብደት ማንሳት ስፖርተኞች የሚያደርጉት ጫማ ራሱ ተረከዙ ጠንካራና 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ኦሎምፒክ ላይ የምታያቸው በዚያ ነው የሚያነሱት። የሩጫ ጫማ ግን አይተካውም። ሶሉ ስፖንጅ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል፣ እግርሽም ወደ ጎን ይዋዥቃል። ከእሱ ይልቅ በባዶ እግር ወይም በሸራ ጫማ ጣውላው ላይ መቆም ይሻላል።

ክብደቱን ከፊትሽ ያዢ። 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሙይና በሁለት እጅሽ ደረትሽ ላይ እቀፊው። 5 ኪሎ ሆነልሽ። ክብደት ከፊት ሲሆን መቀመጫሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ያካክስልሻል። ደረትሽም ሳትታገዪ ቀና ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ የመጀመሪያ ቀን ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ተአምር አይደለም፤ ሰውነት ሚዛኑን ሲያምን ነው የሚለቀው።

ከኋላሽ በርጩማ አስቀምጪ። ተረከዝሽ ሳይነሳ ልትደርሺበት የምትችዪው ከፍታ ይሁን። በርጩማው ዝቅ ካለብሽ ላዩ ላይ ጣውላ ደርቢበት። ስትቆሚ ክብደትሽ በሦስት ቦታ ይረፍ፤ ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር። ሆድሽ ድረስ አየር ሳቢ፣ ልታስዪ እንደሆነ ሆድሽን ጠበቅ አድርጊ። 3 ሰከንድ ወስደሽ ውረጂ። ጉልበትሽ በጣቶችሽ አቅጣጫ ይሂድ፣ ወደ ውስጥ አይግባ። በርጩማውን በመቀመጫሽ ንኪው እንጂ አትዘርፈጪበት። አንድ ሰከንድ ቆይተሽ ተነሺ፣ ስትነሺ ተንፍሺ። 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። በዙሮቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል ዕረፊ።

ቀስ ብሎ መውረዱን አትዝለዪው። ዋናው ሥራ እሱ ነው። ጡንቻ ክብደት ይዞ እየረዘመ ሲሠራ ለዚያ ርዝመት ይለምዳል። ሦስቱም ዙር ሲቀልሽ አንዱን ነገር ብቻ ቀይሪ። ወይ በርጩማውን ዝቅ አድርጊ፣ ወይ ውሃውን ወደ 10 ሊትር አሳድጊ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አይደለም።

ከዚህ ጎን ለጎን ለደረቅ ሯጭ ከሁሉም በላይ የምወደው ልምምድ አለ። አንድ እግርሽን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አድርገሽ ቁሚ። የኋላው ጉልበት መሬት ሊነካ እስኪደርስ ቀጥ ብለሽ ውረጂ። የፊተኛው ጉልበት እንደፈለገ ከጣት ይለፍ፤ ተረከዙ ግን አይነሳ። ደረትሽ ሳይደፋ አንድ ቁርጭምጭሚት እስከ ልኩ ይታጠፋል። የኋላው እግር ዳሌም ከፊት በኩል ይከፈታል። ሩጫም በአንድ እግር ላይ ነውና ለሥራሽ የቀረበ ነው። በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ምናልባት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሥሪ ብባል እሱን እመርጥልሻለሁ።

ለሶሊየስ ደግሞ ደረጃ ፈልጊ። በጣትሽ ደረጃው ጫፍ ላይ ቁሚ፣ ጉልበትሽን ትንሽ አጥፊ፣ ሳትዘረጊው ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ ከደረጃው በታች አውርጂ፣ ከዚያ ወደ ላይ ግፊ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ማሳሳቡን ከወደድሽው ቀጥዪ፤ ግን የኋላውን ጉልበት አጥፈሽ፣ ከልምምድ በኋላ፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይበቃል። ግድግዳው ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ ጉልበቱን ማጠፍ ብቻ ነው የጨመርነው።

የሚይዝሽ ከፊት ከነበረ የብስክሌት ከመነዳሪ ፈልጊ። አንዱን ጫፍ ከኋላሽ ዝቅ ብሎ ከሚገኝ ምሰሶ ጋር እሰሪው። ሌላውን ጫፍ ከፊት በኩል የእግርሽ መታጠፊያ ላይ አድርጊው። ከመነዳሪው ወደ ኋላና ወደ ታች እየጎተተ ጉልበትሽን ወደ ፊት ግፊ፣ መልሺ። 15 ጊዜ ያህል። ቁንጠጣው ከቀለለ ቀጥዪ። ካልቀለለ ወይም ካበጠ አቁሚና ባለሙያ ይየው።

ወደ ብረቱ የምትመለሽው 10 ሊትሩን ይዘሽ፣ ጭንሽ ከመሬት ጋር ሊተካከል እስኪቃረብ፣ 10 ጊዜ አሠራርሽ ሳይበላሽ ስትሠሪ ነው። እዚህ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ብትሰጪው ጥሩ ነው። ጣውላው ያኔም ይኑር። በኋላ በቀጭን ትቀይሪዋለሽ። ከነጭራሹ ባይወጣም አይጨንቅሽ።

ስለ ብረቱ ካነሳሁ አይቀር፦ ብዙ ቦታ የምንሠራው ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ ቧንቧ በተሰካበት ነው። አላናንቀውም፣ ሥራውን ይሠራል። ግን የሁለቱ ጫፍ ክብደት እኩል መሆኑን ማን አረጋገጠ? አንዱ ጎን በ2 ኪሎ ቢከብድ በየቀኑ ወደ አንድ ወገን እየተጣመምሽ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ «ቀኝ ዳሌዬ ደረቀ» ትያለሽ። ወፍጮ ቤት ውሰዱና እያንዳንዱን ጫፍ ለብቻ ሚዛን ላይ አሳርፋችሁ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከታየ በቀላሉ ጫፍ ላይ አሸዋ በፌስታል ቋጥሮ ማሰር ይቻላል።

ጠዋትና ብርድ

ከጻፍሽው ውስጥ ያልወደድኩት «ጠዋት፣ ከሩጫ በፊት» የሚለውን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ብርድ ጡንቻና ጅማት ይጠጥራል። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚሠራ ልጅ ይህን ያህል አይሰማውም። ሌላም ምክንያት አለ። በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ስንተኛ ፈሳሽ ስበው ይሞላሉ። ስለዚህ ከአልጋ በተነሳን የመጀመሪያው ሰዓት ወገባችን ሲጎነበስ የሚያርፍበት ጫና ከሌላው ሰዓት ይከብዳል። ወገቧን የሚያማት፣ ደረቷ የሚደፋ ልጅ በዚያ ሰዓት ብረት መሸከም የለባትም።

ከቻላችሁ ብረቱን ከሩጫ በኋላ ወይም ከሰዓት አድርጉት። ፕሮግራሙ የማይቀየር ከሆነ ቱታሽን ሳታወልቂ 10 ደቂቃ ሶምሶማ ሩጪ። ከዚያ ጉልበትን ወደ ግድግዳ ማስነካቱን በእያንዳንዱ እግር 15 ጊዜ፣ ያለ ክብደት ስኳት 10 ጊዜ። ብረት ከማንሳትሽ በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ይዞ ማሳሳብ ግን አይጠቅምሽም፤ ለጊዜው የጡንቻን ኃይል ይቀንሳል።

የሰሜን ሸዋው ጃቶ ያፈራው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11 ጨርሶ፣ ሌሎቹ ገና እየሮጡ ሳሉ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የሚያሳየውን ፊልም ሳታዪው አትቀሪም። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ሰው ሁሉ ጥንካሬውን ያደንቃል። እኔ ሰዓቱንም አያለሁ፤ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ ነው ያፍታታው።

ሯጭ ስለሆንሽ

ጂምናስቲክ እንደሚሠሩት ለመተጣጠፍ አትመኚ። የተረከዝሽ ጅማት እንደ ላስቲክ ነው። መሬት ስትረግጪ ይወጠራል፣ ስትነሺ የያዘውን ይመልስልሻል። ጠንከር ያለ ጅማት በትንሽ ጉልበት ብዙ ርቀት እንድትሄጂ ያግዛል። ስለዚህ የምንፈልገው ባትሽ እንዲላላ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚትሽ ለሥራው የሚበቃ ያህል እንዲታጠፍ ነው። ከ5 ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ብትደርሺ ደስ ይበልሽ። 14 ማን ጠየቀሽ?

ስትሮጪ እግርሽ መሬት ላይ ባለበት ጊዜ ጉልበትሽ የሚታጠፈው ወደ 40 ወይም 45 ዲግሪ ያህል ነው። ለዚህ ግማሽ ስኳትም ይጠቅማል። ከዚያ ዝቅ እንድትዪ የምፈልገው መቀመጫሽና ጭንሽ ይበልጥ እንዲሠሩ ብዬ ነው። ለውድድር ጥቅም የሚያመጣው ደግሞ በኋላ ክብደቱ ሲጨምር ነው። በከባድ ክብደትና በጥቂት ድግግሞሽ የሚሠሩ የረጅም ርቀት ሯጮች በዚያው ፍጥነት የሚያወጡት ጉልበት እንደሚቀንስ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ከፈጣን የትራክ ልምምድ ዋዜማ ግን አትሥሪው፤ በማግስቱ እግርሽ እንጨት ይሆንብሻል።

ሕመሙስ?

ጡንቻ ሲወጠርና ሲደክም የሚሰማው ሕመም ሌላ ነው። ወገብሽ ላይ ያለው ወደ እግርሽ የሚወርድ ከሆነ፣ እግርሽ የሚደነዝዝ ወይም የሚሰንፍ ከሆነ ስኳቱን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረሽ፣ ወይም መቀመጫሽና ብሽሽትሽ አካባቢ ከደነዘዘ የዚያኑ ቀን ነው። ብሽሽትሽ ውስጥ ጠልቆ የሚያምና ስትሮጪ እየባሰ የሚሄድ፣ በአንድ እግር ስትዘዪ የሚወጋ ነገር ካለም «ዳሌዬ ደርቆ ነው» ብለሽ አታሳስቢው። በሯጮች ላይ የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። በተለይ የወር አበባሽ ከቀረ ወይም ከተዛባ ይህን ለሐኪሙ ሳታፍሪ ንገሪ። ብዙ ጊዜ ከሚሮጡት ያነሰ የመብላት ምልክት ነው፤ አጥንትንም ያሳሳል። ጾም ላይ ልምምዱ ሳይቀንስ ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ይህ ጉዳይ ይብሳል።

አሁን ያለው ወገብሽ ላይ ብቻ ከሆነና ብረቱን ስታስቀምጪ የሚተው ከሆነ፣ ጣውላውና ጀሪካኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያቀልሉት ይገባል። ካላቀለሉት ባለሙያ ጋ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሁለቱን እግርሽን የግድግዳ ልክ ጽፈሽ ያዢ። ስልክሽን በዳሌሽ ከፍታ ከጎንሽ አቁመሽ፣ በጣውላና ያለ ጣውላ 5 ጊዜ ስትወርጂ ቅረጪ። ሕመሙ በስንተኛው ድግግሞሽ እንደሚጀምርም አስታውሺ። ይህን የያዘ ሰው ያን ቀን መፍትሔ ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። አለበለዚያ ቀጠሮው ገና በመለካት ያልቃል።